ብስክሌት የማይነዳው ሰብሳቢ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ዘነበች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና «በቀለ፣ በናትህ ወጣ ብለህ ከሌላ ሰው ጋር ተሰብሰብ፤ እኔን ልቀቀኝ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ መሥሪያ ቤት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ ስብሰባ ነበር እላችኋለሁ። የጠዋት ስብሰባ፣ የከሰዓት ስብሰባ፣ ያለፈውን ስብሰባ የምንገመግምበት ስብሰባ። ሌላው ሰው ሲያንቀላፋ እኔ ነቃ እላለሁ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ብዬ እጄን ሳወጣ ኃላፊው ራሱ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። አጨበጨቡልኝ፣ ካባ አለበሱኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከዘነበች ጋር ቁጭ አልኩ።

ልማድ ክፉ ነው። «የዛሬው ምሳ አጀንዳ ምንድነው?» ስላት «ሽሮ ነው፤ ተቃውሞ ካለህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልሃል» ትለኛለች። እሷ በቀልድ ታልፈዋለች፤ እኔ ግን ከውስጥ እየቀዘቀዝኩ ነበር። ጠዋት ኮቴን ለብሼ ከረባቴን አስራለሁ፤ ለብሼ የምሄድበት የለም። በረንዳ ላይ ቆሜ የታክሲ ሰልፍ አያለሁ። ሰልፍ የሚሰብር ሰው ሳይ ከላይ እጮሃለሁ። የሚሰማኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ከግቢያችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ ጫጫታ ሰማሁ። አንዱ «ቆይ ላስጨርስ!» ይላል፣ አንዷ «በተራ!» ትላለች፣ ሌላው ጠረጴዛ ይደበድባል። ይሄ ድምፅ ለእኔ፣ ለተራበ ሰው የጥብስ ሽታ እንደማለት ነው። እግሬ ራሱ ይዞኝ ገባ።

በሩ ላይ ብስክሌቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ልጆቹ የመጡባቸው ይሆናሉ ብዬ አለፍኳቸው። ውስጥ ወጣቶች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የቆመችው ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጣቶቿን ግራሶ የነካቸው ልጅ ናት። ሜሮን ትባላለች፤ አብነት ሰፈር ብስክሌት ትጠግናለች። የሚከራከራት ረጅሙ ልጅ ደግሞ ሱልጣን ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብየዳ ቤት አለው።

«ትሬሉ ከላይ ነው መጀመር ያለበት!» ትላለች ሜሮን።

«ወላሂ ከታች ካልተጀመረ አይሆንም!» ይላል ሱልጣን።

ልብ በሉልኝ፤ እኔ ትሬል ሲባል የመጣልኝ ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለው ተሳቢ ነው። በያጅ አለ፣ ግራሶ አለ፤ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ልጆቹ ተደራጅተው ተሳቢ ሊሠሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀጥሎ አንዱ «በጎ ፈቃድ እኮ ነው» ሲል ደግሞ ልቤ ተነካ። በነፃ ተሳቢ የሚሠራ ወጣት ከየት ይገኛል?

እጄን አወጣሁ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ ስሰማት፣ እግዜር ያውቃል፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

«ጋሼ... ምን ነበር?» አለች ሜሮን።

«አጀንዳችሁ ስንት ነው? ሰብሳቢያችሁ ማነው? እንዲናገር ያልተፈቀደለት ሰው ለምን ይናገራል?»

እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢ አልነበራቸውም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ከላይ ወይስ ከታች በሚል ብቻ ሲጣሉ ከርመዋል። ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ለእያንዳንዱ ተራ ሰጠሁ። ያቋረጠውን ገሠጽኩ። ድምፅ አሰጠሁ፤ ከላይ ይጀመር የሚለው አለፈ። ሱልጣንን «በልዩነት ተመዝግቦልሃል» አልኩት፤ የሚመዘግብ ሰው ባይኖርም ደስ አለው።

«ፋዘር፣ እርስዎ አራዳ ነዎት!» አለኝና እዚያው ሰብሳቢ ይሁኑልን የሚል ሐሳብ አቀረበ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። «ነገ ጠዋት ሥራ እንጀምራለን፤ መጥተን እንወስድዎታለን» አሉኝ። ዳቦውን ረስቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«ተመረጥኩ!» አልኳት ዘነበችን።

«የምን?»

«የተሳቢ ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ።»

ዘነበች ባዶ እጄን አየች። «ዳቦውስ?» አለች።

በማግስቱ ኮቴን ከነከረባቴ ለብሼ ጠበቅኳቸው። ሚኒባሱ ሲመጣ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ተከምሯል፤ ውስጡ ዶማና አካፋ ነው። ተሳቢ በዶማ እንዴት ይሠራል የሚለው ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ መጣ፤ ግን ሰብሳቢ በመጀመሪያው ቀን አላዋቂ መሆኑን አያሳይም። ከተማውን አቋርጠን እንጦጦን ወጣን፤ ከተራራው ጀርባ ባሕር ዛፍ መሃል ቆምን። ሁሉም ወርዶ ዶማውን አነሣ።

«ሜሮን፣ ልጄ» አልኳት ወደ ጎን ወስጄ። «ብረቱ የታለ?»

«የምን ብረት ጋሼ?»

ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። ትሬል ማለት በተራራ ላይ ለብስክሌት የሚጠረግ ቀጭን መንገድ ነው። እኔ የተመረጥኩት የተራራ ብስክሌት ክለብ ሰብሳቢ ሆኜ ነው። እኔ ደግሞ ብስክሌት በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም።

«እሺ፣ መንገዱ የት ያደርሳል?» አልኳት።

«እታች።»

«እታች ምን አለ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ከወረዳችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ብስክሌቱን እየገፋን እንወጣለን።»

«ከዚያስ?»

«እንወርዳለን ጋሼ!» አለች ፊቷ እየበራ።

ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ ጋር ያለውን መመሳሰል ሳስብ ክፉ መናገር አቃተኝ። ኮቴን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩና ዶማ ተቀበልኩ። ልጆቹ ድንጋይ ያነሣሉ፣ ሥር ይቆርጣሉ፣ ሜሮን እየተንበረከከች መታጠፊያውን በእጇ ትደለድላለች። እኔ ግማሹን እቆፍራለሁ፣ ግማሹን አዝዛለሁ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ምንም ሳላውቅ «ትንሽ ወደ ግራ» እላለሁ፤ ወደ ግራ ያደርጉታል። እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ወደ ደኑ ለመግባት ፈቃድ ነበራቸው። መንገዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ታች ደረስን፤ ችግሩም እዚያ ነው። ሜሮን «መጨረሻው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቢያርፍ ያምራል» ብላ ከዛፎቹ ወጥታ አረንጓዴ ሜዳ ውስጥ ገባች። እኛም ተከትለናት ቆፈርን። ሜዳው ላይ ላሞች ነበሩ። ላም ካለ ባለቤት እንዳለ ከመካከላችን ያሰበ የለም።

ባለቤቱ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ጎረቤቶቹን አስከትሎ፣ ሁሉም ዱላ ይዘው። ጋቢ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ቀጥ ያለ ሰው ነው። ቁፋሮውን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና በአማርኛ «አለቃችሁ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

የሁሉም ጣት ወደ እኔ ዞረ። የሱልጣን ጣት እንዲያውም ጀርባዬን ነካኝ።

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ። ኦሮምኛዬ ከከተማ ኑሮ ጋር ቢዝግም ሰላምታ አላጣሁም። «አከም ጂርቱ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሰላምታዬን ተቀበለ፤ ዱላውን ግን አላወረደም። ስሙ ኦቦ ገመቹ ይባላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«መንገድ ነው።»

«የት ያደርሳል?»

እንግዲህ ምን ልበል? «እዚህ ያደርሳል» አልኩ።

«እዚህማ ደርሳችኋል።» ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። «ለማን ነው የሚጠረገው?»

«ለብስክሌት። ለጨዋታ ነው።»

ኦቦ ገመቹ ወደ ልጆቹ፣ ወደ አካፋው፣ ወደ ከረባቴ አየ። «እኔን ስሙኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ ቀደም ሰው መጥቶ ከወንዙ ማዶ ችካል ተከለ። ምንድነው ስንለው፣ ልኬት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም አለን። ዛሬ ያ መሬት የኛ አይደለም። አሁን ደግሞ እናንተ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ይዛችሁ መጥታችሁ፣ የትም የማይደርስ መንገድ ቆፍራችሁ፣ ጨዋታ ነው ትሉኛላችሁ። ሰው ለጨዋታ ተራራ ይቆፍራል?»

ለአንዳችንም ሳቅ አልመጣልንም። ሰውየው አላበደም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ዱላ ይዤ እመጣ ነበር። ጎረቤቶቹ ዶማና አካፋውን ሰበሰቡ። አንደኛው ብስክሌቶቹም ይያዙ አለ። ሜሮን ብስክሌቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሱልጣን ደም ሥሩ ተገትሮ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ነገሩ ሊበላሽ እንደሆነ ገባኝ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው። ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም።

ኦቦ ገመቹ ዞር አለ። «ምን አልክ?»

«ሰው ቆሞ አይነጋገርም፤ እንቀመጥ። መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፣ ቀጥሎ ጎረቤቶችዎ፣ መጨረሻ እኛ። ተናጋሪ የሚያቋርጥ ሰው ይወጣል።»

አንድ ትልቅ ዛፍ በአገጩ አሳየኝ። «ከዛፉ ሥር» አለ።

ወገኖቼ፣ ሁለት ስብሰባ ወዳዶች መገናኘታችንን ያወቅሁት ከተቀመጥን በኋላ ነው። ኦቦ ገመቹ የአካባቢው የሽማግሌ ጉባኤ መሪ ኖሯል። የመክፈቻ ንግግር አደረገ፤ መረቀ። እኔም መለስኩ። እሱ የሜዳውን ታሪክ ከአያቱ ጀመረ፤ እኔ የክለቡን ዓላማ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ያወቅሁትን ማለቴ ነው፣ በሦስት ከፍዬ አስረዳሁ። እሱ «ወደ ኋላ ልመልሳችሁ» ሲል እኔ «በጎ ነው፣ ይመልሱን» እላለሁ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ልጆቹ ራባቸው፣ ላሞቹ ተኙ። ሱልጣን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፋዘር፣ በአላህ፣ ብስክሌቱን ይውሰዱትና እንሂድ» አለኝ። ተራው እንዳልደረሰ ነገርኩት።

በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ፍርዱን ተናገረ። «ለጨዋታ ነው ብላችኋል። እንግዲህ አሳዩን። ጨዋታ ከሆነ የሚጫወት ሰው ይውረድ።»

ሜሮን ብድግ አለች። «እኔ እወርዳለሁ!»

«አንቺ አይደለሽም። ወጣት ገደልም ቢሆን ይወርዳል፤ ምስክር አይሆንም።» ዱላውን ወደ እኔ አቀና። «አለቃው ይውረድ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ደስ ብሎት ከወረደ አምናለሁ።»

ሜሮን ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ፣ አያደርጉትም። እንቢ ይበሉ። ትሬሉ ይቅርብን» አለችኝ በሹክሹክታ። ያቺ ልጅ ስንት ሳምንት በስብሰባ ስትጨቃጨቅ የከረመችበትን መንገድ ለእኔ ጉልበት ብላ ልትተወው ነው። መሥሪያ ቤት እያለሁ ማንም ለእኔ ብሎ አንዲት አጀንዳ እንኳ ትቶልኝ አያውቅም።

«መንዳት እኮ አልችልም» አልኳት።

«ምን?»

«ብስክሌት አልችልም።»

እሷም ሱልጣንም አፋቸውን ከፈቱ። «ታዲያ ለምን ክለቡ ገቡ?» አለ ሱልጣን።

«ተሳቢ መስሎኝ ነው።»

ይሄን ለማብራራት ጊዜ አልነበረንም። ሽማግሌዎቹ እያዩን ነው። ከግማሽ መንገድ እንድነሣ ጠየቅን፤ ኦቦ ገመቹ ፈቀደ። እየገፋን ወጣን። ሱልጣን እግሬ መሬት እንዲነካ መቀመጫውን እታች ድረስ አወረደው። ሜሮን የራሷን ሄልሜት አገጬ ሥር አሰረችልኝ።

«በግራ እጅዎ የያዙት የፊት ፍሬን ነው፤ እንዳይነኩት፣ በአፍጢምዎ ይደፋዎታል። የቀኙን ቀስ እያሉ። ፊትዎን ወደሚሄዱበት ያድርጉ፤ ያዩት ቦታ ነው የሚሄዱት። ድንጋይ እንዳያዩ።»

ከዚያ ቅጽበት በኋላ ከድንጋይ በስተቀር ምንም አልታየኝም። ኮቴን ለምን መልሼ እንደለበስኩ አላውቅም፤ ብሞት በወግ ልሙት ብዬ ይሆናል። ታች ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። የኦቦ ገመቹ ጢም ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል።

«ልልቀቅዎ ጋሼ?» አለ ሱልጣን ከኋላ ይዞኝ።

«ቆይ፣ አንድ ጥያቄ...» ስል ለቀቀኝ።

መጀመሪያ ብስክሌቱ ዝግ አለ። ይሄ ነው እንዴ አልኩ። ቀጥሎ መንገዱ ከሥሬ የጠፋ መሰለኝ። ነፋስ አፌ ውስጥ ገባ፤ ከረባቴ ትከሻዬን አልፎ ወደ ኋላ በረረ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አየሁት፣ እንደተባለውም ዞረ፤ እኔ አላዞርኩትም። ሁለተኛው ላይ አንድ እግሬ ከፔዳሉ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ። እየጮኽኩ እንደነበር የገባኝ የራሴን ድምፅ ስሰማ ነው፤ የምጠራው «ዘነበችዬ! ዘነበችዬ!» እያልኩ ነው። ታች የቆሙት ሽማግሌዎች ማን እንደምትባል ሳያውቁ ዞር ዞር ብለው ፈለጓት።

ከዛፎቹ ወጣሁ። ፍሬን የሚባለውን ነገር ረስቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ተበተኑ። ላሞቹ ከተኙበት ተነሥተው ጭራቸውን ሰቅለው ሮጡ፤ እኔም መሃላቸው ገብቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ከአንዲት ቀይ ላም ጋር ጎን ለጎን ስንጓዝ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነገር የምናስብ ይመስለኛል። ከዚያ ሜዳው ዳገት ሆነ፤ ብስክሌቱ ደከመው፣ ቆመ፣ እኔም በጎኔ ቀስ ብዬ ትኩስ እበት ላይ አረፍኩ።

ሁሉም እየሮጠ መጣ። «ሞተ!» ይላል አንዱ። ሜሮን «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ታለቅሳለች። አገጬ ደምቷል፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ሰማዩን እያየሁ ነበር። ከሆዴ የሆነ ነገር ገንፍሎ መጣ፤ ሳቅ ነው። ማቆም አልቻልኩም። ጎኔን ይዤ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እበት ላይ እየተንከባለልኩ ሳቅኩ። ኦቦ ገመቹ ከላዬ ቆሞ ያየኛል።

ሱልጣን ደግፎ አስቀመጠኝ። «ፋዘር፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«መልሱኝ» አልኩት።

«ሆስፒታል?»

«ወደ ላይ። ደግሜ ልውረድ።»

ያኔ ነው ኦቦ ገመቹ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ የሳቀው። ጎረቤቶቹም ተከተሉ። እጄን ይዞ አነሣኝና ጋቢው እበት እስኪነካ ድረስ ትከሻዬን አቀፈኝ። «አሁን አመንኩ» አለ። «ሰው ዋሽቶ ይወርድ ይሆናል፤ ዋሽቶ ልድገም አይልም።»

ከዚያ በሥርዓት ተቀምጠን ስብሰባውን ዘጋን። መንገዱ ከሜዳው ወጥቶ ዛፎቹ ጠርዝ ላይ እንዲያልቅ፣ የቆፈርነውን ሣር መልሰን እንድንተክል፣ ከብት በሚሰማራበት ሰዓት ማንም እንዳይወርድ ተስማማን። ኦቦ ገመቹ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለኝ ብሎ፣ ከእንግዲህ ስለ መንገዱ ስብሰባ ሲኖር እሱም እንዲጠራ ጠየቀ። ልጆቹ በድንጋጤ ተያዩ። እኔ በደስታ ተቀበልኩ።

ቤት ስደርስ ዘነበች በሩን ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማን መታህ?»

«ማንም። ወርጄ ነው።»

«ከምን?»

«ከተራራ።»

ወንበር ላይ አስቀምጣኝ አገጬን በአልኮል ስትጠርግ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ አንዳንዴ ጠንከር ይልብኛል፤ ንዴት ነው ብዬ ቻልኩ። ስሟን እየጠራሁ እንደወረድኩ ስነግራት ግን ጥጡ እጇ ላይ ቀረ።

«ኮትህን ለብሰህ እዚያ በረንዳ ላይ ስትቆም» አለች ፊቷን አዙራ፣ «አንድ ቀን እንደቆምክ ታልቅብኛለህ ብዬ ነበር የምፈራው። ብስክሌት ይሻለኛል።» ፕላስተሩን ለጠፈችልኝና አፏን በነጠላዋ ሸፍና መሳቅ ጀመረች። ስለ ላሟ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይሄ ከሆነ ወዲህ ሕይወቴ ሌላ ሆኗል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ጡረታ ስወጣ የተወሰደብኝ ወንበር መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የጎደለኝ «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» የሚለኝ ሰው ነበር። እሱን ደግሞ ያገኘሁት በስህተት፣ ያልተጠራሁበት ቤት ገብቼ፣ ያልገባኝን ነገር ተስማምቼ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ ቆማችሁ የታክሲ ሰልፍ የምትቆጥሩ ካላችሁ፣ የምመክራችሁ ብስክሌት አይደለም፤ ሐኪማችሁ ይጣላኛል። ጫጫታ የሰማችሁበት ቤት ግን ገባ በሉ። ቢበዛ ወጡ ይሏችኋል።

ወጣት የሆናችሁ ደግሞ፣ ሳይጠራ የገባ ሽማግሌ ስታዩ ቶሎ አታባርሩት። ወንበር ስጡት፤ ለምን እንደመጣ እሱም አያውቅ ይሆናል።

ሜሮን ጠዋት ጠዋት ከሕንፃዎቹ መሃል ባለው ባዶ ቦታ ታለማምደኛለች። ቀጥ ብዬ መሄድ ችያለሁ፤ ማቆም ገና ነው። ስለዚህ በልደታ በኩል ስታልፉ፣ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ላይ ሆኖ የሚስቱን ስም እየጠራ ሲመጣ ካያችሁ፣ አትደንግጡ፣ ሰውየው ደህና ነው፤ እናንተ ብቻ መንገዱን ልቀቁለት።